የጤፍ ቅጠል ክሮማቲን፦ ዝቃጩ አረንጓዴ፣ ጄሉ ጭስ፣ ኬ27 ከአይጂጂ አልለይ አለ

የጤፏ ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። በድርቅ ጊዜ የጤፍ ቅጠል ላይ የሂስቶን ምልክቶች እንዴት እንደሚለዋወጡ ለማየት ቺፕ እየሠራሁ ነው፤ ማለትም ክሮማቲንን (በሂስቶን ፕሮቲን ላይ የተጠቀለለውን ዲኤንኤ) በአንቲቦዲ አጥምዶ ዲኤንኤውን በኪውፒሲአር መለካት። የምፈልገው ሁለት ምልክት ነው። አንደኛው ሂስቶን ኤች3 ላይ 4ኛው ላይሲን ሦስት ሜትል ሲይዝ ነው፤ ንቁ ጂን ላይ የሚገኝ፣ ከዚህ በኋላ ኬ4 እለዋለሁ። ሁለተኛው 27ኛው ላይሲን ሦስት ሜትል ሲይዝ፣ የታፈነ ጂን ላይ የሚገኘው ኬ27።

ዝርያው ፀደይ፣ ዕድሜው 14 ቀን፣ ከሥር በላይ ያለው በሙሉ፣ 2 ግራም። ሳይቆራረጥ፣ ፕሮቲኑን ከዲኤንኤው ጋር በሚያስረው 50 ሚሊ ሊትር 1% ፎርማልዲሃይድ ውስጥ ገብቶ ቫኪዩም 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ግላይሲን 5 ደቂቃ። ባፈሩ 0.4 ሞላር ሱክሮስና 10 ሚሊሞላር ትሪስ ነው። በፈሳሽ ናይትሮጅን ተፈጭቶ፣ በሚራክሎዝ ተጣርቶ፣ በ3,000 ጂ ለ20 ደቂቃ ዞሯል። ዝቃጩ ሦስቴ ታጥቦም እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው። በ1% ኤስዲኤስ ከሟሟ በኋላ በፕሮብ ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ ዲኤንኤውን በሚሰባብረው) 10 ጊዜ ለ10፣ 10 ሰከንድ። ከሱ 5 ማይክሮሊትር በቀጥታ ጄል ላይ ሲሮጥ ከላይ ጉድጓዱ ውስጥ የተጣበቀ ነገር አለ፣ ከ200 ቤዝ በታች ጭስ አለ፣ መሃሉ ባዶ ነው።

የአክቲን ጂን ላይ የወጣው ሲቲ (ምልክቱ የታየበት የኪውፒሲአር ዙር፤ ሲያንስ ዲኤንኤው ብዙ ነው)፦ ኢንፑት (ከማጥመዱ በፊት የተወሰደ 1%) 27.1፣ ኬ4 31.8፣ ኬ27 33.0፣ አይጂጂ (ምንም የተለየ ነገር የማይዝ የመቆጣጠሪያ አንቲቦዲ) 33.2። አንቲቦዲው ነው እንዴ የሞተው?

ሙቀጫ፦

አንቲቦዲውን ለጊዜው ተዪው። ቁጥርሽን ወደ ፐርሰንት እንመልሰው። 1% ኢንፑት ማለት መቶ ጊዜ የቀጠነ ነው፤ የ100 ሎግ በ2 ደግሞ 6.64 ነው። 27.1 ሲቀነስ 6.64፣ 20.46። ስለዚህ ኬ4 0.04%፣ ኬ27 0.017%፣ አይጂጂ 0.015% ገደማ ይሆናል። አክቲን ላይ ኬ4 0.04% ከሆነ ችግሩ ከአንቲቦዲው በፊት ነው። ኢንፑቱ ራሱ 27 መሆኑም ክሮማቲንሽ ጥቂት ነው ማለት ነው፤ በዚህ መጠን ቅጠል 24 ወይም 25 ብጠብቅ አይገርመኝም።

አንድ ጥያቄ፦ ቫኪዩሙ ሲለቀቅ ቅጠሉ ሰጠመ ወይስ ተንሳፈፈ?

የጤፏ ልጅ፦

አብዛኛው ተንሳፋፊ ነበር። አረንጓዴነቱም አልተለወጠም። የቫኪዩም መለኪያው የታዘዘው ኔጋቲቭ 90 ኪሎፓስካል ጋ ፈጽሞ አልደረሰም፣ 74 ላይ ቆመ። ፓምፑ ተበላሽቶ ይሆን?

ሙቀጫ፦

ፓምፑ ደህና ነው። አዲስ አበባ ከሆነ ያለሽው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነሽና የአየሩ ግፊት ራሱ 77 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ 90 ሊደርስ አይችልም። ባሕር ጠለል አጠገብ የተጻፈ ፕሮቶኮል እዚህ ቁጥሩ አይሠራም። ከዚህም በላይ ፎርማልዲሃይዱን ወደ ቅጠሉ የሚገፋው ቫኪዩሙ ሲለቀቅ የሚመለሰው አየር ነው፣ እሱም እዚህ ደከም ያለ ነው። ስለዚህ መለኪያውን ትተሽ ቅጠሉን እዪ። በትክክል የገባበት ቅጠል ቀለሙ ይጠቁራል፣ ውኃ እንደነካው ወረቀት ብርሃን ያስተላልፋል፣ ይሰጥማል። የጤፍ ቅጠል ሰም ስላለው ውኃ አይዝም፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ይንከባለላል። እንዲህ አድርጊ፦

ቅጠሉን በ1 ሴንቲሜትር ቆራርጪው። ባፈሩ ላይ 0.01% ትዊን 20 ጨምሪበት። ከላይ የናይሎን ወንፊት ጣይበትና እንዳይንሳፈፍ ይጫነው። ቫኪዩም 5 ደቂቃ፣ በአንዴ ልቀቂ፤ እንደገና 5 ደቂቃ፣ ልቀቂ፤ ካልሰጠመ ሦስተኛ። ጠቅላላ ፎርማልዲሃይድ ውስጥ የሚቆይበት ከ15 ደቂቃ አይለፍ። ሰዓቱን ማራዘም ያልገባበትን አያስገባም፤ ጠርዝ ላይ ያለውን ሴል ግን ድንጋይ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ ሶኒኬተር አይሰብረውም። ጉድጓድ ውስጥ የተጣበቀው አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል።

ለ50 ሚሊ ሊትር ከ37% ጠርሙስ 1.35 ሚሊ ሊትር። ጠርሙሱ ሥር ነጭ ነገር ከዘቀጠ ፎርማልዲሃይዱ ተያይዞ ፖሊመር ሆኗልና አትጠቀሚበት፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡት ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። ማቆሚያው 3.3 ሚሊ ሊትር ከ2 ሞላር ግላይሲን፣ ይህንንም በቫኪዩም 5 ደቂቃ። ከዚያ ሦስቴ በቀዝቃዛ ውኃ አጥበሽ በሶፍት ጨምቂ። እርጥብ ሆኖ ናይትሮጅን ውስጥ ከገባ በረዶ ነው የምትፈጪው።

የሌሊት ፒሲአር፦

ትሪሱንም አውጪው። ትሪስ አሚን ስላለው ፎርማልዲሃይዱን ይበላዋል። በፒቢኤስ ወይም በሄፔስ ተኪው።

ሙቀጫ፦

አውጪው ብዬ አልጣላም፣ ግን ጥፋተኛው እሱ አይደለም። 1% ፎርማልዲሃይድ 333 ሚሊሞላር ገደማ ነው። 10 ሚሊሞላር ትሪስ ከዚያ ላይ ምን ያህል ይበላል? መቶ ሚሊሞላር ቢሆን ኖሮ እጄን አነሣ ነበር።

የሌሊት ፒሲአር፦

ሒሳቡን ተቀብያለሁ። ጄሉን በተመለከተ ግን፣ ክሮስሊንኩ (ፎርማልዲሃይዱ የሠራው እስር) ሳይፈታ ነው የሮጠው። ፕሮቲን የተጣበቀበት ዲኤንኤ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል ወይም ከመጠኑ በላይ ሆኖ ይታያል። ከ200 በታች ያየሽው ጭስ ደግሞ ዲኤንኤ ላይሆን ይችላል፤ ቅጠል በአርኤንኤ የሞላ ነው፣ አንቺም አርኤንኤዝ አልጨመርሽም። ያ ጄል ስለ ሶኒኬሽኑ የሚነግርሽ ነገር የለም።

30 ማይክሮሊትር ውሰጂ፤ ሶዲየም ክሎራይድ እስከ 0.2 ሞላር፤ 65 ዲግሪ ቢያንስ 6 ሰዓት። አርኤንኤዝ ኤ በ37 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት፤ ፕሮቲኔዝ ኬ በ45 ዲግሪ 1 ሰዓት፤ በኮለም አጽድተሽ 1.5% አጋሮዝ ላይ። ዋናው ክምችት ከ200 እስከ 500 ከሆነ ይበቃል። ከጎኑ ሶኒኬተር ያልነካውን ናሙና አሩጪ፤ ያለሱ ንጽጽር የለም።

ፕሮቡን በተመለከተ፦ 300 ማይክሮሊትር በ1.5 ሚሊ ሊትር ቱቦ፣ ጫፉ ከሥሩ ግማሽ ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ግድግዳ ሳይነካ። 10 ሰከንድ ሥራ፣ 50 ሰከንድ በረዶ ላይ ዕረፍት። አረፋ የተነሣ ጊዜ አቁሚ፤ አረፋ ውስጥ ኃይሉ ወደ ፈሳሹ አያልፍም፣ ስንት ዙር ብትጨምሪ ለውጥ የለውም። በ8,000 ጂ ጥቂት ሰከንድ አዙረሽ አረፋውን አስቀምጪና ቀጥዪ። 1% ኤስዲኤስ በረዶ ላይ ሲቆይ ነጭ ክሪስታል ይሠራል፤ እሱን ደግሞ ክሮማቲን ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ በእጅ ሙቀት ይሟሟል።

ቡና ቅጠል፦

አረንጓዴው ዝቃጭ ክሎሮፕላስት ነው። አንዳንዱ ሰው ይተወዋል፤ እኔ አልመክርም፣ በተለይ ወደ ሲኩዌንሲንግ ለሚያመራ ሰው፤ የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ኑክሊዮዞም (ዲኤንኤ የተጠቀለለበት የሂስቶን እንክብል) የለውም፣ ግን ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ንባቡን ይበላዋል።

ማጠቢያው ላይ ትራይተን ኤክስ-100 አለሽ? 0.25 ሞላር ሱክሮስ፣ 10 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8፣ 10 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ 1% ትራይተን፣ 5 ሚሊሞላር ቤታ መርካፕቶኢታኖል። ትራይተኑ የክሎሮፕላስትን ሽፋን ያፈርሳል፣ ማግኒዥየሙ ኒውክሊየሱን አጥብቆ ይይዛል። ኢዲቲኤ ያለበት ባፈር እዚህ ደረጃ ላይ ኒውክሊየሱን ያላላዋል። ዝቃጩን በፒፔት አትደብድቢው፤ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ በባፈሩ ነክረሽ አሟሚው። አረንጓዴው ወደ ግራጫ እስኪዞር ትደጋግሚያለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዙር። ካልጠራ ዝቃጩን 1.7 ሞላር ሱክሮስ ላይ ደርበሽ በ16,000 ጂ 1 ሰዓት፤ ኒውክሊየሱ ወደ ታች ያልፋል።

ሁለተኛ ወጥመድ፦ ከሥር ነጭ፣ እንደ ቡላ ጠጠር ያለ ዝቃጭ ካየሽ «ንጹሕ ኒውክሊየስ» ብለሽ አትደሰቺ። ስታርች ነው። ቅጠል ቀን ሲሠራ የዋለውን ስታርች ሌሊት ይበላዋል፣ ስለዚህ ናሙናውን የችግኙ መብራት ሳይበራ ወይም እንደበራ ውሰጂ። የተክል ጂኖች ብዙዎቹ በቀኑ ሰዓት ይወጣሉ ይወርዳሉና ቁጥጥሩንም ድርቅ የነካውንም በአንድ ሰዓት ሰብስቢ፤ አንዱን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ከወሰድሽ የምትለኪው ሰዓቱን ነው። ዳፒ (ዲኤንኤን ሰማያዊ የሚያበራ ቀለም) ቀብተሽ በማይክሮስኮፕ 10 ማይክሮሊትር እዪ፤ ክብ ሰማያዊ ኒውክሊየስ ካላየሽ ወደ ሶኒኬሽን አትለፊ።

ቡና ወይም እንሰት ለሚሠሩ፦ 2% ፒቪፒ የግድ ነው። ፖሊፌኖሉ ከኦክስጅን ሲገናኝ ፈሳሹ ሻይ ይመስላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ድካም ከንቱ ነው።

ኑክሊዮዞም147፦

ሶኒኬተር ለሌለው ወይም መብራት ለሚሄድበት፦ ለሂስቶን ምልክት ፎርማልዲሃይድም አያስፈልግም። ሂስቶንና ዲኤንኤ በራሳቸው ተያይዘው ይቆያሉ። ኒውክሊየሱን 1 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት ባፈር ውስጥ አድርጋችሁ በኤምኔዝ ቁረጡት፤ 37 ዲግሪ፣ 5 ደቂቃ፣ ማቆሚያው 10 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ። የኤንዛይሙን መጠን በአምስት ቱቦ እጥፍ እጥፍ እያደረጋችሁ ፈትሹ። ጄሉ ላይ መሰላል ይታያል፦ 150 አካባቢ አንድ ኑክሊዮዞም፣ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት። አንዱና ሁለቱ የሚበዙበትን መጠን ያዙ። ሁሉም 150 ላይ ከወደቀ በዝቷል፤ በቀላሉ የሚቆረጡ ኑክሊዮዞሞች እዚያ ጠፍተዋል።

የሌሊት ፒሲአር፦

ለትራንስክሪፕሽን ፋክተር (ጂን ለሚያበራ ወይም ለሚያጠፋ ፕሮቲን) ግን ይህን እንዳትሞክሩ፤ ሳይታሰር ታጥቦ ይሄዳል። የ65 ዲግሪውን ሌሊት መብራት ለሚያቋርጥባቸው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ የታጠበው ቢድ (አንቲቦዲውን የያዘው ደቃቅ ዶቃ) ላይ 10% ቼሌክስ 100 ማይክሮሊትር፣ 95 ዲግሪ 10 ደቂቃ፣ ፕሮቲኔዝ ኬ 55 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት፣ እንደገና 95 ዲግሪ 10 ደቂቃ። ፕሮቶኮሉ «አፍሉ» ይላል፤ እዚህ ከተማ ውኃ 92 አካባቢ ይፈላልና ክፍት ድስት ሳይሆን ሂት ብሎክና ክዳኑ የሚቆለፍ ቱቦ ተጠቀሙ።

ኑክሊዮዞም147፦

ፕራይመሯን ማንም አልጠየቃትም። የት ላይ ነው ያረፈው?

የጤፏ ልጅ፦

የአክቲኑ 3ኛ ኤክሶን ላይ ነው፣ ለአርኤንኤ የተሠራው ራሱ። ምርቱ 210 ቤዝ።

ኑክሊዮዞም147፦

ይኸው። ኬ4 የሚቀመጠው ትራንስክሪፕሽን ከሚጀምርበት ቦታ ቀጥሎ ባሉት የመጀመሪያ ኑክሊዮዞሞች ላይ ነው፤ ወደ ጂኑ መጨረሻ ሲኬድ ይሞታል። ፕራይመሩን ከመነሻው በኋላ ከ100 እስከ 500 ቤዝ ውስጥ አድርጊው፣ ምርቱ ከ80 እስከ 150። ክሮማቲኑን 300 ላይ ሰብረሽ 210 ቤዝ የሚሸፍን ፕራይመር ብታስቀምጪ ብዙው ቁራጭ መሃል ላይ ተቆርጦ ያመልጥሻል። ኬ27 በተክል ውስጥ ብዙውን ጊዜ የጂኑን አካል በሙሉ ስለሚሸፍን ቦታው ያን ያህል አያስጨንቅም። ከሰውና ከአይጥ መጽሐፍ ላይ ስትገለብጪ ግን ተጠንቀቂ፦ ተክል ውስጥ ሄትሮክሮማቲንን (ጥቅጥቅ ብሎ የተዘጋውን ክሮማቲን) የሚያመለክተው ኬ9 ሁለት ሜትል እንጂ ሦስት አይደለም። ብዙ ሰው ለእንስሳ የሚታዘዘውን አንቲቦዲ አዝዞ ገንዘቡን አቃጥሏል።

ሌላው የጤፍ ነገር ነው። ጤፍ ቴትራፕሎይድ ነው፣ 40 ክሮሞዞም፣ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ንኡስ ጂኖም። የፀደይ ጂኖም በ2014 ወጥቷል፤ የዳቢ ዝርያ ደግሞ በ2020 በክሮሞዞም ደረጃ። በ2020ው ላይ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጪና ፕራይመሩ የሚለይባቸውን ቤዝ 3′ ጫፍ ላይ አድርጊ። ያለዚያ አንዱ ቅጂ ንቁ፣ ሌላው የታፈነ ሆኖ ሳለ አንቺ አንድ ቁጥር ታነቢያለሽ። የፕራይመሩን ብቃት በኢንፑት ላይ በአምስት ማቅጠኛ ፈትሺ፤ ከ90 እስከ 110% ውጪ የሆነውን ጣይው።

መቆጣጠሪያ፦ ለኬ4 አክቲን፤ ለኬ27 ቅጠል ውስጥ የማይሠራ የአበባ ጂን፣ ለምሳሌ የአጋመስ ወገን የሆነ ማድስ ጂን።

የጤፏ ልጅ፦

ሁሉም ተስተካክሎ ተደግሟል። ቅጠሉ ሰጠመ፣ ዝቃጩ በአራተኛው እጥበት ግራጫ ሆነ፣ ጄሉ ከ200 እስከ 450። ክሮማቲኑ 10 እጥፍ ቀጥኖ ኤስዲኤሱ 0.1% ላይ ወርዷል። ቁጥሮቹ፦

አክቲን፦ ኢንፑት 24.9፣ ኬ4 22.9፣ ኬ27 28.6፣ አይጂጂ 29.4። ኬ4 4%፣ ኬ27 0.08%፣ አይጂጂ 0.04%።

ማድስ፦ ኢንፑት 25.1፣ ኬ27 23.6፣ ኬ4 27.9፣ አይጂጂ 29.8። ኬ27 2.8%፣ ኬ4 0.14%፣ አይጂጂ 0.04%።

የድርቅ ጂኑ ላይ ግን ኬ4 1.1%፣ ኬ27 1.3%። ንቃትም አፈናም አንድ ቦታ። ይህ «ባይቫለንት» የሚባለው ነው? ለጽሑፉ ትልቅ ነገር ይሆን ነበር።

ሙቀጫ፦

መቆጣጠሪያዎቹ ያምራሉ። ባይቫለንት የሚለውን ቃል ግን ገና አትጻፊው።

ከሥር በላይ ያለውን በሙሉ ነው የፈጨሽው፦ ኤፒደርሚስ፣ ሜሶፊል፣ የቱቦ ሴሎች፣ ገና የሚከፈሉ የእድገት ጫፍ ሴሎች። ጂኑ በግማሹ ሴል ንቁ፣ በግማሹ የታፈነ ቢሆን የምታገኚው ይህንኑ ቁጥር ነው። አንድም ኑክሊዮዞም ሁለቱን ምልክት ባይዝ።

የአራቢዶፕሲስ (በላቦራቶሪ በብዛት የሚጠና ትንሽ ተክል) ኤፍኤልሲ ጂን ጥሩ ማሳያ ነው። ይህ ጂን አበባ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ለሳምንታት የቆየ ብርድ ያፍነዋል። በብርዱ ጊዜ ኬ27 በመጀመሪያ ትራንስክሪፕሽን የሚጀምርበት አካባቢ ባሉ ጥቂት ኑክሊዮዞሞች ላይ ይጀምራል፣ ተክሉ ወደ ሙቀት ሲመለስ በጂኑ ሙሉ አካል ይሰራጫል። ብርዱ በረዘመ ቁጥር በቺፕ የሚለካው ኬ27 ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ሲታይ እያንዳንዱ ሴል በትንሽ በትንሹ እየታፈነ ይመስላል። በ2011 ሥሩ ላይ በቀለም ሲታይ ግን አንዱ ሴል ሙሉ በሙሉ ንቁ፣ ጎረቤቱ ሙሉ በሙሉ ዝግ ነበር። የጨመረው የዝግ ሴሎች ቁጥር ነው። የአንቺም 1.3% የስንት ሴል ድርሻ እንደሆነ ከዚህ ሙከራ ብቻ አይታወቅም።

የጤፏ ልጅ፦

እንዴት ይለያል ታዲያ? የሴል መለያ መሣሪያ የለም።

ኑክሊዮዞም147፦

ተከታታይ ቺፕ። መጀመሪያ በኬ27 አጥምጂ፤ በ10 ሚሊሞላር ዲቲቲ 37 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት አውጪ፤ ቢያንስ 20 እጥፍ አቅጥነሽ በኬ4 ድገሚ። ዲቲቲው ካልቀጠነ ሁለተኛውን አንቲቦዲ ይሰብራል። ሁለተኛው ዙር ላይ አይጂጂ አንድ ቱቦ፣ ያው ኬ27 እንደገና አንድ ቱቦ ይኑርሽ፤ የመጀመሪያው የተንጠባጠበውን፣ ሁለተኛው ሊያዝ የሚችለውን ያህል ያሳያል። ክሮማቲኑ አምስት እጥፍ ይሁን፣ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል።

ቡና ቅጠል፦

ከዚያ በፊት ምላጭ ይቀላል። የሣር ወገን ቅጠል የሚያድገው ከግርጌው ነው፤ ግርጌው የሚከፈሉና የሚረዝሙ ሴሎች፣ ጫፉ የበሰሉ። አንድ ቅጠል ራሱ የጊዜ መስመር ነው። ሁሌም 3ኛውን ቅጠል ብቻ ውሰጂ፣ ሽፋኑን ገልጠሽ የታችኛውን 2 ሴንቲሜትር ለብቻ፣ መሃሉን ለብቻ፣ ጫፉን ለብቻ። ኬ4 በጫፉ፣ ኬ27 በግርጌው ከተለያየ መልሱን አገኘሽ። ሦስቱም ክፍል ላይ ሁለቱም እኩል ከታዩ ያኔ ተከታታዩን ቺፕ መሥራት ይገባዋል።

ግርጌው ክብደቱ ትንሽ ነውና ብዙ ችግኝ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሴሎቹ ትናንሽ ስለሆኑ በግራም ያለው ኒውክሊየስ ከጫፉ ይበዛል። በክብደት ሳይሆን በዲኤንኤ አስተካክይው፦ ከእያንዳንዱ ክፍል የተፈታ ናሙና ለክተሽ እኩል ማይክሮግራም ወደ አንቲቦዲው አስገቢ።

የሌሊት ፒሲአር፦

ድርቁ ላይም ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጂኑ በኃይል ሲነቃ ኑክሊዮዞሙ ራሱ ይነሣል። ለኤች3 ያልተለወጠውን ጭምር የሚይዝ አንቲቦዲ አንድ ቱቦ ጨምሪና ኬ4ንም ኬ27ንም በኤች3 አካፍዪ፤ ያለዚያ «ኬ27 ቀነሰ» የምትዪው ሂስቶኑ ራሱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ውኃ ያጠጣሽበትን ጊዜ አትዝለዪ። በ2012 አራቢዶፕሲስ ላይ እንደታየው አርዲ29ቢ እና ራብ18 ጂኖች ውኃ ሲያገኙ አርኤንኤያቸው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ኬ4ው ግን ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ በሚቀጥለው ድርቅም ጂኖቹ ይበልጥ ይነቃሉ። አርዲ29ኤ ግን እንዲህ አያደርግም። ድርቅ፣ ውኃ፣ ድርቅ፤ አራት ናሙና ከመነሻው ጋር።

የጤፏ ልጅ፦

አራት ጊዜ በሦስት ክፍል በሦስት ድግግሞሽ፣ 36 ናሙና። በአንድ ቀን አይፈጭም። የቱ ላይ ማቆም ይቻላል?

ሙቀጫ፦

ታስሮ፣ ታጥቦ፣ ተጨምቆ ኔጋቲቭ 80 ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። ምላጩ ግን ከማሰሩ በፊት፣ ቅጠሉ ትኩስ እያለ። በረዶ ከሆነ በኋላ ግርጌና ጫፍ አይለይም፣ ይሰባበራል። በየቀኑ 6 ናሙና ፍጪ፣ ቁጥጥሩንና ድርቁን በአንድ ቀን አሰባጥረሽ እንጂ ቁጥጥሩን ሰኞ፣ ድርቁን ማክሰኞ አይሁን። ፒኤምኤስኤፉን (ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይሞችን የሚያግደውን) ባፈሩ ውስጥ ከምትጠቀሚበት ደቂቃዎች በፊት ብቻ ጨምሪ፤ ውኃ ውስጥ ገብቶ ካደረ ሞቷል።